ለኑዛዜ ጠበቃ ስትይዙ ዋጋ የሚያስከፍሏችሁ ስህተቶች

ቤት ስንገዛ በወለዱ ነጥብ ከባንኩ ጋር ስንሟገት እንውላለን። ኑዛዜ ሲባል ግን «ኧረ ከአፍህ አይውጣ!» ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከዕድራችን ሰው ይለያል፣ ቤቱ በማን ስም እንደቀረ ወሬው ይዛመታል፣ በዚያው ሳምንት ሁሉም ሎየር ፍለጋ ይሯሯጣል። በድንጋጤ የተገዛ ነገር ደግሞ ወይ ይጎድላል ወይ ይወደዳል። እዚህ የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለምንኖረው ነው። የሌላ ስቴት ሰውም ያንብበው፣ ግን ቁጥሮቹን እንዳለ ለራሱ እንዳይወስድ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ደውሎ «ስንት ነው?» ብሎ መዝጋት

እንበል አንዱ ቢሮ 600 ዶላር አላችሁ፣ ሌላው 1,800። 600 ወዳለው ትሮጣላችሁ። ግን 600ው ለአንድ ሰው፣ ያውም ለኑዛዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። 1,800ው ደግሞ ባልና ሚስትን አንድ ላይ፣ ኑዛዜውን ከገንዘብ ውክልናው ጋር፣ ታማችሁ መናገር ሲያቅታችሁ ሐኪም ዘንድ ማን እንደሚወስንላችሁ የሚገልጸውን ወረቀት ጨምሮ፣ ምስክር አቅርቦ እስከ ማስፈረም ድረስ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ደምራችሁ ስታዩት ርካሹ ማን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

በጥቅሉ ቀላል ኑዛዜ ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና አንድ ሺህንም ያልፋል። ትረስት ያለበት፣ ማለትም ንብረታችሁን በስሙ አዛውራችሁ ስትሞቱ ለወራሾቻችሁ የሚያልፍበት ሕጋዊ ሰነድ የተጨመረበት ሙሉ ሥራ ከሁለት ሺህ በታች ብዙም አይገኝም፣ አምስት ሺህና ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ለስንት ሰው እንደሆነ፣ የትኞቹ ወረቀቶች እንዳሉበት፣ ረቂቁ ስንት ጊዜ እንደሚታረም ጠይቁ። ትናንሽ ልጆች ካሏችሁ አሳዳጊ የምትሰይሙት እዚያው ኑዛዜው ውስጥ ነው። ለእሱ ለብቻ ክፈሉ ካሏችሁ ሌላ ቢሮ ፈልጉ።

በሰዓት ይሁን በቁርጥ ሳያጣሩ መፈረም

እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚሠራው፣ ፍላት ፊ የሚሉት። በሰዓት ከሆነ ግን ስልኩም ኢሜይሉም ይቆጠራል። ብዙ ቢሮዎች ሰዓቱን በስድስት በስድስት ደቂቃ ከፋፍለው ነው የሚያስከፍሉት፣ እና «አንድ ነገር ረስቼ ነበር» እያላችሁ አምስቴ ብትጽፉ አምስቱም ቢል ላይ ይወጣል። ጥያቄያችሁን አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ ላኩ።

ቅድሚያ የምትከፍሉት ሪቴይነር ደግሞ ሥራው እስኪሠራ ድረስ የእናንተ ገንዘብ ነው። ሎየሩን ብታሰናብቱት ያልሠራበትን መመለስ አለበት። ይሄ የሙያው ደንብ እንጂ የሎየሩ ቸርነት አይደለም። ውሉን በጽሑፍ ስጡኝ ማለትም ነውር የለውም፤ እኛ በይሉኝታ ነው የምንተወው።

ፈርቶ ትረስት መግዛት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ሆቴል ውስጥ ነጻ እራት ጋብዘው «መንግሥት ቤታችሁን በታክስ ይወስደዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። በ2026 የፌዴራሉ የውርስ ታክስ የሚጀምረው አንድ ሰው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትቶ ሲሞት ነው። ሜሪላንድ የራሷ አላት፣ እሱም የሚነካው ከ5 ሚሊዮን በላይ ያለውን ነው። ቨርጂኒያ ጭራሽ የላትም። አንድ ቤት፣ ሁለት መኪናና ፎር ኦ ዋን ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ) ያለው ሰው ይሄ ታክስ እንቅልፍ ሊነሳው አይገባም።

እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ እራት ጋባዦቹ አያነሱትም። ሜሪላንድ ሁለተኛ ታክስ አላት፤ ወራሹ ማን ነው የሚለውን አይታ የምታስከፍለው። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት አይከፍሉም። የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ጓደኛ ግን 10 ፐርሰንት ይከፍላሉ። እንደ ልጃችሁ አድርጋችሁ ላሳደጋችኋት የእህታችሁ ልጅ 100,000 ዶላር ብትተዉላት 10,000ው ወደ ስቴቱ ይሄዳል። በሕግ ጉዲፈቻ ካላደረጋችኋት ለስቴቱ እሷ የእህት ልጅ ብቻ ናት። የኛ ቤተሰብ ደግሞ በእንዲህ ያለ ልጅ የተሞላ ነው። ሎየሩ ይሄን ካልጠየቃችሁ እናንተ አንሱት።

ደግሞ አሜሪካዊ ዜጋ ሳትሆኑ፣ ኑሯችሁንም አዲስ አበባ አድርጋችሁ እዚህ ቤት የገዛችሁ ካላችሁ፣ 15 ሚሊዮኑ እናንተን አይመለከትም። ለእናንተ ከታክስ ነጻ የሆነው እዚህ ካላችሁ ንብረት 60,000 ዶላሩ ብቻ ነው። ለናንተ ጥሩ ሎየር የግድ ነው፣ ቢወደድም።

የሎስ አንጀለሱን ዘመድ ምክር መከተል

ሎስ አንጀለስ ያለው ያጎታችሁ ልጅ «ያለ ትረስት ጉድ ትሆናላችሁ» ይላችኋል። ለራሱ ልክ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውርስ በፍርድ ቤት ሲጣራ፣ ፕሮቤት የሚባለው ማለት ነው፣ የጠበቃውን ክፍያ ሕጉ ራሱ ተምኖታል። ከመጀመሪያው 100,000 አራት ፐርሰንት፣ ከሚቀጥለው 100,000 ሦስት፣ ከዚያ በላይ እስከ ሚሊዮን ሁለት ፐርሰንት። የሚሊዮን ዶላር ቤት ከሆነ 23,000 ዶላር ለጠበቃው ነው፣ የውርሱ አስፈጻሚም ያንኑ ያህል መጠየቅ ይችላል። የባንክ ዕዳ ሳይቀነስ ነው እንግዲህ የሚሰላው!

አሌክሳንድሪያ ላላችሁት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ለፕሮቤት የምታስከፍለው ታክስ ከመቶ ዶላር 10 ሳንቲም ነው፣ ከተማው ወይም ካውንቲው የዚያን ሲሶ ይጨምርበታል። 600,000 ዶላር በሚያወጣ ቤት 800 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ጠበቃና ሌላ ወጪ ሊኖር ይችላል፣ ሥራውም ጊዜ ይበላል። ግን ካሊፎርኒያን አስበው ለትረስት አራት ሺህ ዶላር ከማውጣታቸው በፊት «እኔ ጋ ፕሮቤት ስንት ይፈጃል?» ብለው የሚጠይቁ ጥቂት ናቸው። ቨርጂኒያና ዲሲ ደግሞ ቤቱ ስትሞቱ በቀጥታ ለልጃችሁ እንዲዞር የሚያደርግ ቀለል ያለ የቤት ሰነድ ይፈቅዳሉ። ከትረስት በጣም ይረክሳል፣ ለሎየሩ አማራጭ አድርጋችሁ አንሱለት። ትረስት የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። በሁለት ስቴት ቤት ያለው፣ ራሱን ችሎ መኖር የማይችል ልጅ ያለው፣ ከመጀመሪያ ትዳሩ ልጆች ያሉት ሰው ያሠራ።

ትረስቱን አሠርቶ ቤቱን ውጭ መተው

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በቆዳ የታሰረ የሚያምር ፋይል ከመደርደሪያ ላይ አለ፣ ቤቱ ግን ዛሬም በግል ስም ነው የተመዘገበው። ሰውየው ሲሞት ቤተሰቡ ትረስቱም ተከፍሎበት ፕሮቤትም ይገባል። ትረስት የሚሠራው በስሙ ለተዛወረለት ንብረት ነው። የቤቱን ሰነድ ማዛወርና ካውንቲው ማስመዝገብ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? የባንክ ሒሳቡንስ ማን ያዛውራል? መልሱ «እናንተ» ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ።

«ባንኩ ብድሩን ባንዴ ክፈሉ ይለናል» ብለው የሚተዉት አሉ። የምትኖሩበትን ቤት ራሳችሁ ተጠቃሚ ወደሆናችሁበት፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ልትለውጡት ወደምትችሉት ትረስት ብታዛውሩ ባንኩ እንደዚያ እንዳይል የፌዴራል ሕግ ከ1982 ጀምሮ ይከለክለዋል። የቤት ኢንሹራንሱን ግን አሳውቁ።

ነጻውን ሥራ መርሳት

የሕይወት ኢንሹራንስና የጡረታ ገንዘብ በኑዛዜ አይተላለፍም። የሚሄደው «ስሞት ለእገሌ ይሰጥ» ብላችሁ በሞላችሁት ፎርም ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። በ1994 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ የቦይንግ ሠራተኛ ከሚስቱ ተፋትቶ ብዙም ሳይቆይ በመኪና አደጋ ሞተ። ፎርሙ ላይ የነበረችው የቀድሞዋ ሚስቱ ነበረች። ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳቸው ልጆች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፣ በ2001 ፍርዱ ለሷ ሆነ። ፎርሙን መቀየር ምንም አያስከፍልም።

ታክስ የሚሠራልንን ሰው ኑዛዜ ማስጻፍ

እሱ ጋ ኖተሪ አለ፣ ሰውየውም የኛው ልጅ ነው፣ ሃምሳ ዶላር ነው። ኖተሪ ግን የሚያረጋግጠው የፈረማችሁት እናንተ መሆናችሁን እንጂ የጻፋችሁት በሕግ የሚሠራ መሆኑን አይደለም። በሦስቱም ቦታ ለተለመደው ኑዛዜ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ማኅተሙ ብቻውን አያድናችሁም።

አገር ቤት ያለውን ንብረት አብሮ መጠቅለል

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሎየር የቦሌውን ቤት ጉዳይ እያጠና በሰዓት እንዲያስከፍላችሁ አትፍቀዱ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የራሱ መንገድ አለው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙት ኑዛዜ ዋጋ የለውም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው አራት ምስክር ይፈልጋል፣ በነሱ ፊትም ይነበባል። በእጃችሁ ጽፋችሁ ቤት ያስቀመጣችሁት ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት ወይም ለውል አዋዋይ ካልተሰጠ ይፈርሳል። ኤምባሲ ሄዳችሁ ለወንድማችሁ የሰጣችሁት ውክልናም በመሠረቱ የሚያገለግለው እናንተ በሕይወት እስካላችሁ ነው። አገር ቤት ላለው ጠበቃ ለብቻው በጀት ያዙ፣ ከዚያ ሁለቱ ጠበቆች የጻፉት አንዱ ሌላውን እንዳይሽር ረቂቆቹን ተለዋውጠው እንዲያዩ አድርጉ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ኑዛዜ «የቀድሞውን ሁሉ ሽሬአለሁ» ብሎ ስለሚጀምር ነው።

ዋናውን ወረቀት የት እንደሚቀመጥ አለመጠየቅ

ኮፒ ብቻ ከተገኘ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት መከራከር ሊኖርበት ይችላል፣ ያ ደግሞ ከኑዛዜው ራሱ በላይ ያስወጣል። ሜሪላንድ ውስጥ የካውንቲው ሬጂስተር ኦፍ ዊልስ፣ የኑዛዜ መዝገብ ቤቱ ማለት ነው፣ ዋናውን በ5 ዶላር ያስቀምጥላችኋል። ደረሰኙን አስፈጻሚ ላደረጋችሁት ሰው ስጡት፣ የሎየሩንም ስልክ ጀርባው ላይ ጻፉለት።