ስትጨርሱ የምታፈርሱትን ነገር ሥሩ

ልጅ ሆናችሁ በጭቃ ቤት ስትሠሩ እናታችሁ ሦስቴ ተጣርታ አልሰማችሁም አይደል? ያ መመሰጥ አልጠፋም። እኔ መልሼ ያገኘሁት በዚያው በጭቃ ነው። ዘዴዋ ቀላል ናት፤ ከመጀመሬ በፊት "ሲያልቅ አፈርሰዋለሁ" ብዬ እወስናለሁ። ማንም የማያየው ከሆነ ማማር የለበትም፣ ማማር ከሌለበት ደግሞ በየደቂቃው ራቅ ብሎ "እንዴት ነው?" እያሉ ማየት ይቀርና እጅ ብቻውን ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ጥናት አለ። መሣል የሚወዱ ትንንሽ ልጆች "ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተባሉ። በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ቃል ካልተገባላቸው ልጆች በግማሽ ያህል ያነሰ ጊዜ ነው የሣሉት። እኛም ላይክ ስንጠብቅ ያው ነን።

ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የማትችሉበትን ነገር ብትመርጡ ይሻላል፤ እኔ ሥዕል ትንሽ ስለምሞክር ወረቀት ከያዝኩ ወዲያው ከራሴ ጋር ፉክክር እገባለሁ። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያሰለቻሉ፣ አትነሱ። "ይሄን እኮ መሸጥ ትችላለህ" የሚል ጓደኛ ከመጣ ደግሞ የሠራችሁትን ቶሎ ጨፍልቁት።