የደሴን ፊደሎች የያዘ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይገኛል?

ደሴ እኛ ቤት ቡና ሲፈላ የምንጫወተው ጨዋታ አለ። አንድ ሰው የወሎ ከተማ ስም ይጠራል። ሌሎቻችን ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያሉትን ፊደሎች በሙሉ የያዘ የእንግሊዝኛ ቃል እንፈልጋለን። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ረጅሙን ያመጣ ያሸንፋል። የእህቴ ልጆች እንግሊዝኛን የወደዱት በዚህ ጨዋታ ስለሆነ አፈላለጉን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ፊደሎቹን በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ። «ከእነዚህ ፊደሎች ብቻ ቃል ሥራ» ማለትና «እነዚህ ፊደሎች ያሉበት ቃል አምጣ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ስክራብል እንደሚባለው፣ በፊደል ቃል እንደሚሠራበት የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ እጃችሁ ላይ 7 ፊደል አለ፣ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ካወጣችሁ 50 ነጥብ ይጨመርላችኋል፣ ሰሌዳው ላይ ካለው በቀር ግን ከሌላ ቦታ ፊደል አታመጡም። ለምሳሌ ቲቸር የሚለውን ቃል 7 ፊደሎች ብታገለባብጧቸው ሄክታር ይወጣል። አስተማሪው መሬት መለኪያ ሆነ፣ አንድም ፊደል ሳይጨመር ሳይቀነስ! የእኛ ጨዋታ ግን ሁለተኛው ነው። የተሰጡት ፊደሎች ይኑሩ እንጂ ሌላ የፈለጋችሁትን ጨምሩ፣ ቅደም ተከተላቸውም ችግር የለውም።

ደሴን እንያዝ። ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኢ። ብዙ ሰው ወዲያው በዲ የሚጀምር ቃል ፍለጋ ይገባል። ዲዝል ይላል፣ መጨረሻው ላይ ኤስ ጨምሮ ያበዛዋል፣ እውነትም ስድስቱ ፊደሎች ይገኙበታል። ግን 7 ፊደል ብቻ ነው፣ በዚያ አያሸንፍም። ረጅም ቃል የሚገኘው ከጭራው ሲጀመር ነው።

ምክንያቱም እንግሊዝኛ አጭር ቃል ላይ ጭራ እየቀጠለ ነው ብዙውን ረጅም ቃል የሚሠራው። እኛስ ደግ ላይ «ነት» ቀጥለን ደግነት እንል የለ? የእነሱ «ነት» ነስ ነው፦ ኤን፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ። አሁን ከደሴ ጋር አስተያዩት። ነስ ብቻውን ሁለቱንም ኤስ እና አንዱን ኢ ወሰደልን። የቀረን ዲ፣ አይ እና አንድ ኢ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያሉበት ቅጽል ከተገኘ አለቀ። ታየርድ አለ፤ ታየርድነስ ሲሆን 9 ፊደል። ስቴዲ ደግሞ አይ የለውም ብላችሁ እንዳታልፉት፣ መጨረሻው ላይ ያለው ዋይ ነስ ሲመጣበት ወደ አይ ስለሚቀየር ስቴዲነስ 10 ፊደል ሆኖ ይገባል። ይቺን የዋይ ነገር ያዟት፣ ብዙ ቃል የምታስገኘው እሷ ናት።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ፍሬንድሊነስ አለች። 12 ፊደል። ቆጠርነው፣ የደሴ ፊደሎች አንድም አልጎደሉ። ትርጉሙ ሰው አቅራቢነት፣ ተግባቢነት እንደሆነ ስንነግራት እናቴ «ታዲያ ደሴ ሌላ የት ልትገኝ ኖሯል?» አለች። ከዚያ በኋላ 17 ፊደል ያለው ዲስኢንተረስትድነስ፣ አለማዳላት ማለት ነው፣ ተገኝቷል፤ ቤታችን የሚያነሳው ግን አሁንም የልጅቷን ቃል ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ስሙ ውስጥ የተደገመ ፊደል ካለ ከሁሉ በፊት ክበቡበት። ካይንድነስ፣ ደግነት፣ ለደሴ የተሠራ ይመስላል፤ ግን ኢ ያለው አንድ ነው፣ ደሴ ሁለት ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሳው በዚህ ነው።

ባቲ ቀላል ናት። ቢ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ። ኤሽን የሚባለው ጭራ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን ስለሆነ ሦስቱን በአንዴ ይጨርሳል፣ የሚቀረው ቢ ብቻ ነው። ኮላቦሬሽን 13 ፊደል። የሰኞ ገበያዋን ላየ ሰው ግን 11 ፊደሉ ሰለብሬሽን፣ የደስታ በዓል ማለት ነው፣ ይበልጥ ይመጥናታል።

ወልዲያ በጭራ አትሸነፍም፣ በቃሉ ራስ፣ በመነሻው በኩል ግቡ። ደብሊዩ፣ ኦ፣ ኤል፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ። ዲስ የሚለው መነሻ ዲ እና አይን ይወስዳል። የቀሩት አራቱ አላው ውስጥ አሉ። ዲስአላው፣ 8 ፊደል፤ ዲስአላዋንስ ስትሉት 12።

ሐይቅ ላይ ጭራም ራስም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ኤች፣ ኤ፣ አይ፣ ኬ ብላችሁ ስትጽፏት ኬ አለች፣ ኬ ያለው የተለመደ ጭራ ደግሞ ጥቂት ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ቃል አጋጥሙ። ቴኪንግ ውስጥ ኤ፣ ኬ፣ አይ አሉ። ኤች ያለበት ጓደኛ ፈልጉለት። ብሬዝቴኪንግ፣ 12 ፊደል፣ ትንፋሽ የሚያስቀር ማለት ነው። ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ሐይቁን ያየ ሰው ቃሉ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

በስልክም መፈለግ ይቻላል። ዋንሉክ የሚባለው የዲክሽነሪ መፈለጊያ ላይ ኮከብ ምልክት አድርጋችሁ ነስ ብላችሁ ብትጽፉ በነስ የሚያልቁትን ይዘረዝርላችኋል፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ አንድ ያልታወቀ ፊደልን ይተካል። ኮምፒውተር የምትነካኩ ከሆነ የቃላት ዝርዝር ፋይል ላይ ግሬፕ በሚለው የመፈለጊያ ትዕዛዝ ፊደል በፊደል አጣሩት፣ ለተደገመው ፊደል ሁለት ጊዜ መኖሩን የሚጠይቅ ማጣሪያ ጨምሩ። እኛ ቤት ስልክ የሚነሳው ከበረካ በኋላ ነው፣ ቃሉ እውነት መኖሩን ለማረጋገጥ።

አንዴ ከሚሴን ጠርተን ሁላችንም ዝም አልን። ኬ፣ ኢ፣ ኤም፣ አይ፣ ኤስ፣ ኢ። ኬ አለች፣ ኢ ተደግማለች፣ ጭራ ብቻውን አይበቃም፣ ማጋጠምም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምትፈልገው። ሆም እና ሲክን አጋጠምን፣ ነስን ቀጠልን። ሆምሲክነስ፣ 12 ፊደል። የሀገር ናፍቆት።