ሥራ ሲቀዘቅዝ ስንት ሰው ከሥራ ገበያ እንደወጣ እንዴት ይሰላል?

ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ ሁሉም የሚጠይቀው «ሥራ አጡ ስንት ደረሰ?» ብሎ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል፤ ሥራ እየጠፋም ሊወርድ ይችላል።

መጀመሪያ ሰፈርና ወር ይምረጡ። ኅዳርን ከኅዳር እንጂ ከሐምሌ ጋር አያወዳድሩ፤ የአጨዳ ወቅት ቁጥሩን ያዛባዋል።

ጥያቄው ላይ ይጠንቀቁ። «ሥራ አለዎት?» ከተባለች፣ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴል የምታስረክብ ሴት «የለኝም፣ ቤት ነኝ» ትላለች። ስለዚህ «ባለፉት 7 ቀናት ለገንዘብ ብለው ቢያንስ 1 ሰዓት የሠሩት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ካለ፣ ሠራተኛ ናት። ከሌለ፣ ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ መፈለጓንና አሁን ቢገኝ መጀመር መቻሏን ይጠይቁ፤ ሁለቱም አዎ ከሆነ ሥራ አጥ ናት። መሥራት እየፈለገ «ብሄድም አላገኝ» ብሎ ሥራ ማፈላለግ የተወውን ለብቻው ይመዝግቡ። በአገራችን የሥራ አጥነት መለኪያ ፍለጋ ግዴታ ያልሆነበት ላላ ያለ ትርጉምም ስላለ፣ ውጤትዎን ከሌላ ቁጥር ጋር ከማስተያየትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ያጣሩ።

አሁን ስሌቱ፣ በምሳሌ። ለሥራ ከደረሱ 200 ሰዎች 120 ሠራተኛ፣ 20 ሥራ አጥ ቢሆኑ፣ ተሳትፎው (በሥራ ገበያው ያሉት፣ ማለትም ሠራተኛና ሥራ አጥ ተደምረው፣ ለሥራ ከደረሱት ሲካፈሉ) 140 ለ200፣ ማለትም 70 በመቶ ነው። ሥራ አጥነቱ 20 ለ140፣ 14.3 በመቶ። ከዓመት በኋላ ሠራተኛው 105፣ ሥራ አጡ 15 ቢሆን ሥራ አጥነት ወደ 12.5 በመቶ ወረደ! ተሳትፎው ግን 60 በመቶ ሆኗል። 15 ሰው ሥራ አጥቷል፤ 20 ሰው ከገበያው ወጥቷል።

ተቃራኒውም አለ። ባል ደመወዙ ሲቋረጥ ሚስት ጉልት ትወጣለች፣ ተማሪው ልጅ ጫማ መጥረግ ይጀምራል። ይህ መግባት ያኛውን መውጣት ስለሚያካክሰው ድምሩ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። በፆታና በዕድሜ ሳይከፍሉ አይደምሩ።

ትልቁ ስህተት ግን የሄዱትን መርሳት ነው። ከገጠር መጥተው ለፋብሪካ ሥራ ቤት የተከራዩ ልጆች ደመወዝ ሲቆም ወደ ቤተሰብ ይመለሳሉ፤ ከሠራተኛውም ከ200ውም ይጎድላሉ። የተዘጋ በር ባገኙ ቁጥር አከራይዋን «እዚህ የነበሩት የት ሄዱ? መቼ?» ብለው ጠይቀው መዝገቡ ላይ በራሱ ረድፍ ያስፍሩ።