ሞተር ላይ በፍጥነት ጥፋት ስትያዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች (የቨርጂኒያ ልጆች፣ እናንተን ነው)

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሞተር ከገዛ አራት ወሩ ነው። «ጋሼ፣ ፖሊስ ይዞኝ ነበር፤ ግን ምሮኛል፣ መንጃ ፈቃዴን እዚያው መለሰልኝ» አለኝ። በስንት እንደያዘው ጠየቅኩት። «88 ማይል መሰለኝ።» ወረቀት አልሰጠህም? «ኧረ አንድ ወረቀት ሰጥቶኛል።» ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ። የተጻፈበት ወንጀል ነው። እሱ ግን ካፌ ተቀምጦ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል።

ብዙም አልፈረድኩበትም። አገር ቤት የለመድነው ትራፊኩ መንጃ ፈቃድ ይዞ ሲሄድ፣ እኛም ቅጣቱን ከፍለን ስናስመልስ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱ እጃችን ላይ ከቀረ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እዚህ መንጃ ፈቃዱን ይመልሱላችኋል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ስነዳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከልጆች ጋር ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሳለፍኩት ጠዋትም ቀላል አይደለም። የሕጉን ነገር ጠበቃ ይንገራችሁ። እኔ የምጽፈው ጠበቃው ጋ ሳትደርሱ በገዛ እጃችሁ የምታበላሹትን ነው።

ከሞተር ዘሎ መውረድ

ይህም ከአገር ቤት የመጣ ልማድ ነው። እዚያ ትራፊክ ሲያስቆምህ ወርደህ ወደ እሱ መሄድ ጨዋነት ነው። ሰውየውን ፀሐይ ላይ አታቆመውም። እዚህ ግን ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ከሞተር ወርዶ ወደ ፖሊስ መኪና ሲራመድ ፖሊሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ፍሬቻ አሳዩ፣ በቀኝ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እጃችሁ ይታይ። ውረድ እስኪላችሁ እዚያው ተቀመጡ። የጆሮ መድፈኛ አድርጋችሁ ከሆነ ምልክት ሰጥታችሁ አውጡት። አንድ ወዳጄ የፖሊሱን ጥያቄ ሳይሰማ አምስት ጊዜ «የስ ሰር» ብሎ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስትነዳ ፍጥነትህን ታውቅ ነበር?» የሚል ነበር።

ይሉኝታ

ወደዚያው ጥያቄ ልመለስ። «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» «በስንት ትሄድ ነበር?» እነዚህ ጥያቄዎች ጨዋታ አይደሉም። እኛ ደግሞ በእናቶቻችን እጅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ጥፋት ሠርተን ሲጠይቁን አንገት ደፍተን «ይቅርታ፣ ትንሽ ፈጥኜ ነበር፣ ምናልባት 85» እንላለን። ያቺ «ምናልባት 85» ፖሊሱ ደረት ላይ ባለችው ካሜራ ትቀረጻለች። ዳኛው ፊት ጠበቃችሁ ስለ ሬዳሩ ሊከራከር ሲነሣ ትቀድመዋለች።

ዋሹ አላልኩም። በትሕትና መልስ አለመስጠት ይቻላል። መንጃ ፈቃድና ሬጅስትሬሽን ስጡ፣ «እሺ ሰር» በሉ፣ በቃ። ልመናም ተዉ። «ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ» የሚለው ንግግር በእንግሊዝኛ ሲነገር ኑዛዜ ነው የሚመስለው። ወረቀቱ ላይ ፈርሙ ሲላችሁ ግን አትጨቃጨቁ። ፊርማው በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ማለት እንጂ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም።

«ቲኬት ነው» ማለት

እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ይህችን ሳልጮህ መጻፍ አልችልም።

ቨርጂኒያ ሜሪላንድ አይደለችም። ዲሲም አይደለችም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ ከሄዳችሁ፣ የሚጻፍባችሁ ሪክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው። ይህ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ እስከ 6 ወር መንጃ ፈቃድ ማገድ ድረስ ይሄዳል። ከተፈረደባችሁ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል፣ 6 ነጥብም ይቆጠርባችኋል። ቁጥሩ ድሮ 80 ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው 85 የሆነው። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «ሕጉ ላልቷል» ይለኛል። የላላው አንደኛው ቁጥር ብቻ ነው። 55 በሚል መንገድ ላይ 75 ዛሬም ሪክለስ ነው። 25 በሚል የሰፈር መንገድ ላይ 45 ሪክለስ ነው።

አሁን ሞተሩን አስቡት። 600 ሲሲ የስፖርት ሞተር በሁለተኛ ማርሽ 75 ማይልን አልፎ ይሄዳል። መኪና ላይ 75 ስትደርሱ መሪው፣ ድምፁ፣ ሚስታችሁም ይነግሯችኋል። ሞተር ላይ የሚነግራችሁ የለም፤ ነፋሱን ደግሞ ትለምዱታላችሁ። በዚያ ላይ 66፣ 95፣ 395 እና 495 በሚባሉት አውራ ጎዳናዎች ላይ ያሉት ኤክስፕረስ ሌኖች (መኪና ከፍሎ የሚሄድባቸው መስመሮች) ለሞተር ነፃ ናቸው፣ ኢዚፓስ የሚባለው የክፍያ መሣሪያ እንኳን አያስፈልግም። መኪናው ሁሉ ቆሞ እናንተ ባዶ መንገድ ላይ ናችሁ። ከማውቃቸው ልጆች አብዛኞቹ የተያዙት እዚያ ነው። ማንንም እየተሽቀዳደሙ አልነበረም። መንገዱ ባዶ ስለነበረ ብቻ ነው።

እናም ወረቀቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታነቡት የገንዘቡን መጠን አይደለም። ክሱ የትኛው ሕግ ቁጥር ላይ ነው? ፍርድ ቤት መቅረብ ግዴታ ነው ይላል? ሪክለስ ከሆነ በኦንላይን ከፍሎ የሚገላገሉት ነገር የለም። መቅረት ደግሞ የእስር ማዘዣ ያመጣል። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ፣ የዜግነት ማመልከቻ ልትሞሉ የተዘጋጃችሁ፣ ከትራፊክ ጠበቃው ሌላ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ጠይቁ። ቅጹ ላይ ስለ እስርና ስለ ክስ ይጠየቃል። ወንጀልን «ቲኬት ነበር» ብሎ መተው ሁለተኛ ጥፋት ነው።

ጥሩውን ወሬ ደግሞ ልንገራችሁ። ንጹሕ መዝገብ ያለው፣ ቀድሞ የ8 ሰዓቱን የመንጃ ማሻሻያ ትምህርት ጨርሶ የቀረበ ሰው ክሱ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ወይም ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ ወደሚባለው ዝቅ ሲልለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ ወንጀል አይደለም፣ ቅጣቱም ከ500 ዶላር አያልፍም። ማንም ቃል አይገባላችሁም፤ ግን ይህ በር የሚከፈተው ተዘጋጅቶ ለመጣ ሰው ነው።

ዝም ብሎ ከፍሎ መገላገል

ተራው የፍጥነት ቲኬት በኦንላይን ይከፈላል። እንደ መብራት ሂሳብ ቁልፍ ተጭናችሁ ትገላገላላችሁ። መክፈል ማለት ግን ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ነጥቡ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንሱ ያየዋል። እኔ የመጀመሪያዬን እንዲህ ከፍያለሁ፤ ከሥራ ላለመቅረት ብዬ። ያቺ የግማሽ ቀን ደመወዝ ኢንሹራንሱ ላይ ብዙ እጥፍ ሆና ተመለሰች።

የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) ያላችሁ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። በሞተር በሰንበት የተያዛችሁት የሰኞውን እንጀራ ይነካል። ትምህርት ወስዶ ክሱን ማሰረዝ ለሲዲኤል ባለቤት አይፈቀድም፤ የፌዴራል ሕግ ነው፣ የተያዛችሁት በግል ሞተራችሁም ቢሆን። ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ።

«ስሜ ተሳስቷል፣ አይመለከተኝም»

ሐበሻ ብቻ የሚሠራው ስህተት። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል፣ የአያት ስም መሐል ይገባል፣ አንድ ፊደል ይጎድላል። ልጁ ወረቀቱን አይቶ «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ያስቀምጠዋል። የስም ስህተት በፍርድ ቤት ይስተካከላል፤ ክሱን አይሰርዘውም። የባሰው ደግሞ በኦንላይን መዝገቡ ላይ ስማችሁን በትክክለኛው ፊደል ፈልጋችሁ ስታጡት ነው። ፖሊሱ በጻፈው መንገድ ፈልጉ። ገልብጣችሁም ፈልጉ።

ቤት ስትቀይሩም በ30 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ አሳውቁ። በዓመት ሁለት ጊዜ አፓርትመንት እየቀየሩ «ደብዳቤ አልደረሰኝም» ማለት አይሠራም።

ደብዳቤ ካልኩ፣ ከተያዛችሁ በኋላ የፖስታ ሳጥናችሁ በጠበቆች ደብዳቤ ይሞላል። አትደንግጡ። የክስ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሥራ ፈልገው ነው የሚጽፉት። አንዲት እናት አሥራ አንዱን ደብዳቤ የፍርድ ቤት ጥሪ መስሏቸው ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ።

የፓርኩን መንገድ እንደ ሌላው ማየት

ይህኛውን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ፣ በጸደይ ጠዋት፣ ፖቶማክ በጎን። ማን ቀስ ይላል? አስቆሙኝ። ወረቀቱን ይዤ የካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ቁጥሬን ብፈልግ የለም። አንድ ወር ጠበቅሁ፤ የለም። «ጠፍቷል» ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሻማም አበራሁ።

አልጠፋም። ፓርክዌዩ የፌዴራል መሬት ነው፣ የሚያስተዳድረው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው፣ ያስቆሙኝም የፓርክ ፖሊስ ናቸው። ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፣ ክፍያውም በሌላ ቢሮ በኩል ነው፤ በእያንዳንዱ ቲኬት ላይ 30 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ማስጠንቀቂያው ሲደርሰኝ ሻማውን አስታወስኩ።

በበልግ ቅጠሉን ለማየት የምትወጡበት ስካይላይን ድራይቭም እንዲሁ ነው። 105 ማይል ሙሉ መታጠፊያ፣ ገደቡ 35 ማይል። አዎ፣ 35። ለሞተር ስቃይ ነው፤ አጋዘን መሐል መንገድ ላይ ቆማ ስታዩ ግን ይገባችኋል።

ፍርድ ቤት በር ላይ የሚወሩ ወሬዎች

«ፖሊሱ ካልመጣ ይሰረዛል።» ይመጣል። ፖሊሶች የጻፉትን ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚያስቀጥሩት፤ ሥራቸው ነው።

«ሬዳሩ ትክክል አይደለም።» ሊሆን ይችላል። በቨርጂኒያ መሣሪያው በ6 ወር ውስጥ መመርመሩን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። ያንን ጠበቃው ያየዋል። እናንተ ተነሥታችሁ ስለ ሬዳር ሳይንስ አታስተምሩ።

«የሞተሬ ቆጣሪ ይዋሻል።» ይህችኛዋ ትንሽ እውነት አላት። የካቴናውን ጥርስ የቀየራችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ ብዙ ሞተር ላይ ደግሞ ፍጥነቱ የሚለካው ከማርሽ ሳጥኑ ነው። ከኋላ ትልቅ ጥርስ ከገባ ቆጣሪው ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ ከፊት ትልቅ ከገባ ደግሞ ከእውነቱ በታች። ሁለተኛው ከሆነ ጋራዥ አስመርምራችሁ ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ፤ ዳኛው ሊመለከተው ይችላል። ሳታስመረምሩ በቃል ብቻ ብታወሩት ግን ማንም አይሰማችሁም።

እንግሊዝኛችሁ ሱቅ ለመግዛት የሚበቃ ከሆነ ለፍርድ ቤት አይበቃም። ቀደም ብላችሁ ጸሐፊዋ ጋ ደውላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አታፍሩ። ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ሲባል «የስ» ያለ ሰው አይቻለሁ። ለየትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ብዙ የማልልባቸው

ሬዳር ማወቂያ መሣሪያ በቨርጂኒያም በዲሲም ክልክል ነው። አማዞን ላይ መሸጡ ፈቃድ አይደለም።

ታርጋ አጥፎ ከካሜራ መደበቅ፦ ካሜራው ባያያችሁ ፖሊሱ ያያችኋል።

ሞተር ስትሸጡ ታርጋውን ፍቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ታርጋው የእናንተ እንጂ የሞተሩ አይደለም። አንድ ወዳጄ እንዳለ ሸጦ፣ የዲሲ ካሜራ ቲኬት በሌላ ሰው ጋላቢነት ክረምቱን ሙሉ ሲመጣለት ከረመ።

መሮጥ፦ አታስቡት። የፖሊስ ምልክት እያዩ መሸሽ ራሱ ወንጀል ነው፤ ሰው ለአደጋ ካጋለጣችሁ ደግሞ ፌለኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ ይሆናል።

በቡድን ስትወጡ አዲሱን ልጅ መጨረሻ ላይ አታድርጉት። ከፊት ያለው 65 ሲሄድ የመጨረሻው ለመድረስ 80 ይሄዳል፤ የሚያዘውም እሱ ነው። ይህ የእናንተ የነባሮቹ ጥፋት ነው፣ የእሱ አይደለም። የቅዳሜው ልጅም መጨረሻ ላይ ነበር።

ቀጠሮው በሚመጣው ወር ነው። ጠበቃ ይዟል፣ ትምህርቱንም ጀምሯል። ትናንት ደግሞ ደወለ፤ «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት በሞተሬ ልምጣ እንዴ?» አለኝ። ማርሚታውን አውልቆ ጯሂ የገጠመበት ሞተር ነው፤ ሦስት ሕንፃ አልፎ ይሰማል። እኔ በመኪና እወስድሃለሁ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ላይ ጠብቀኝ አልኩት።

«በሐበሻ ወይስ በፈረንጅ?» አለኝ።