ወደ ዲሲ ስትነዱ ክላራ ባርተን ላይ እንዴት ማረፍ ይሻላል

ከኒውዮርክ ወደ ዲሲ ለሠርግም ለልቅሶም የሚነዳ ሰው የኒው ጀርሲን ተርንፓይክ፣ ያንን የሚከፈልበት አውራ ጎዳና፣ ያውቀዋል። የት እንደሚያርፍ ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ኋላ ወንበር ላይ "ሽንቴ መጣ" የሚለው ልጅ ነው። እኔ ክላራ ባርተን የሚባለውን ማረፊያ እመርጣለሁ፤ መንገዱ እዚያ ጋ ግማሽ ይሆናል።

ማረፊያው ማይል 5.4 ላይ ነው፣ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ብቻ። ስትመለሱ በዚያው ማይል የምታገኙት ጆን ፌንዊክ የሚባለውን ማረፊያ ነው። የማይሉ ቁጥር ወደ ደቡብ እየቀነሰ ስለሚሄድ 10 ሲል ቀኛችሁን ያዙ። ካለፋችሁት አለፋችሁት ነው፣ ቀጥሎ ድልድይና ቶል (የመንገድ ክፍያ) ነው። እኔ አንዴ ወሬ ይዞኝ አልፌው ባለቤቴ ደላዌር እስክንገባ አላናገረችኝም።

ቤንዚን ለመቅዳት ከመኪና አትውረዱ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ራስን መቅዳት ከ1949 ጀምሮ ክልክል ነው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ካርዱን ለሠራተኛው ስጡት። ጾም ከሆነ ደግሞ ስንቅ ያዙ። ቡናው በፔርሙዝ፣ ፍርፍሩ በሳህን ተከድኖ፣ መኪና ውስጥ መብላት ነው (ሽታው እስከ ሜሪላንድ አብሯችሁ ይሄዳል፣ እሱን ቻሉት)።

ልጆቹ "ክላራ ማናት?" ማለታቸው አይቀርምና ወሬውን መውጫ 7 ላይ ጀምሩት። እዚያ ያለችው ቦርደንታውን ናት። ክላራ በ1852 በነፃ የሚያስተምር የሕዝብ ትምህርት ቤት የከፈተችው እዚህ ነው። ተማሪው ሲበዛ ግን ዳይሬክተር አድርገው የሾሙት ወንድ ነው፣ ደመወዙም ከሷ የበለጠ። ትታቸው ዋሽንግተን ሄደች። ያኔ ወንበሩን የነፈጋት አገር ዛሬ ስሟን ሽንት ቤትና ነዳጅ ማደያ ላይ ጽፎላታል፤ እኔ ይሄ ነገር ያስቀኛል።

ከዚያ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። በ1862 በአንቲተም ውጊያ ላይ አንድ ቁስለኛ ስትረዳ ጥይት የቀሚሷን እጅጌ ቀዶ አለፈና ሰውየውን ገደለው፤ እሷ ተረፈች። የአሜሪካን ቀይ መስቀል ያቋቋመችው በ1881 ነው፣ በ59 ዓመቷ።

ዲሲ ከገባችሁ በኋላ ጊዜ ካላችሁ ወሬውን እዚያ ጨርሱት። ሰባተኛው ጎዳና ቁጥር 437፣ ቻይናታውን ሜትሮ አጠገብ፣ ከጦርነቱ በኋላ የጠፉ ወታደሮችን ስታፈላልግ የነበረችበት ቢሮ አለ። ከ22,000 በላይ ሰዎች የደረሱበትን አውቃ ለቤተሰብ አሳውቃለች። ሕንፃው ሊፈርስ ሲል በ1996 አንድ የመንግሥት አናጢ ጣሪያው ሥር የቆርቆሮ ሰሌዳ አገኘ፤ ስሟና "ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል 9" የሚል ተጽፎበታል። አሁን ሙዚየም ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የሚከፈትበትን ቀን እዩ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ዝግ በር እንዳይጠብቃችሁ።