የጅማን በርጩማ ከባለሙያው ጋር በሽርክና በኢንተርኔት መሸጥ

በጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስሙ ከከተማው አልፎ የታወቀ ስለሆነ፣ ገዢ ማግኘት እንደሚፈራው አስቸጋሪ አይደለም። ሽርክናው ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው እንጨቱ እስኪደርቅ ማን እንደሚጠብቅና ዕቃው ቢሰነጠቅ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ሳይነጋገሩ ትዕዛዝ መቀበል ሲጀመር ነው።

ባለሙያ ለመምረጥ ገበያ ላይ ከተደረደረው ዕቃ ይልቅ የሚሠራበትን ቦታ ማየት ይሻላል። የተጠረበው በርጩማ በጥላ ሥር ተቀምጧል ወይስ ፀሐይ ላይ? የግንዱ ልብ መቀመጫው መሐል ላይ አርፏል ወይስ ጠራቢው ወደ ጎን አሽሽቶታል? ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከልቡ ስለሚነሣ፣ ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ሥራውን ያውቃል። «ጋሼ፣ ይኼኛው መቼ ተጠረበ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ ነገር ይገልጣል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ወሩን ለይቶ የሚናገር ባለሙያ ለሽርክና የሚመች ነው። የእንጨቱን ምንጭ መጠየቅም ግድ ነው፤ ዋንዛን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎችን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተገደበ በመሆኑ፣ ግንዱ ከማን ማሳ እንደተገዛ የሚያሳይ ወረቀት ካለ ቅጂው በኢንተርኔት በሚሸጠው ሻጭም ዘንድ ይቀመጥ።

በርጩማ የሚጠረበው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው፤ ለመሮና ለመጥረቢያ የሚመቸው ያኔ ነውና። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ዝናቡ ረጅም በሆነበት በጅማ አየር በቂ የመሰለ ዕቃ፣ ደረቅ ወደሆነ ቤት ሲገባ እንደገና ይኮማተርና ይሰነጠቃል። መድረቁን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሚዛን ነው፤ በጅማ ደግሞ በቡና ንግድ ምክንያት ሚዛን ማግኘት አይከብድም። በርጩማው በየሳምንቱ ይመዘናል፣ ክብደቱም በእርሳስ ከሥሩ ይጻፋል። ቁጥሩ ለተከታታይ ሳምንታት መቀነሱን ካቆመ ባለበት አየር የሚችለውን ያህል ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቫርኒሽ መቀባት እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የኢንተርኔት መሸጫ ገጹ ላይ መውጣት ያለበት ተጠርቦና ደርቆ የተቀመጠ ዕቃ ብቻ ነው፤ ገና ያልተጠረበ በርጩማ በፎቶ መሸጥ ባለሙያውን ለጥድፊያ፣ ሻጩን ለስድብ ይዳርጋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለምሳሌ ባለሙያው ለአንዱ 2,000 ብር ቢጠይቅ፣ ማሸጊያና ማጓጓዣ 450 ብር ቢፈጅ፣ መሸጫውም 3,200 ብር ቢሆን፣ በአንድ በርጩማ የሚቀረው 750 ብር ነው። አሥር ቢሸጥ 7,500 ብር ይሆናል። ከአሥሩ አንዱ ተሰንጥቆ የገዢው ገንዘብ ቢመለስ ግን ይህ ትርፍ ወደ 4,300 ብር ይወርዳል፣ የመመለሻው ማጓጓዣና ግብሩ ሳይቆጠር። ብዙ ሻጮች ይህን ሲያዩ የባለሙያውን ዋጋ ተከራክሮ ማውረድ ይቀናቸዋል። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ መሸጫውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ዋጋው የተጎዳ ባለሙያ የሚቆጥበው ከማድረቂያው ጊዜ ላይ ነውና።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት በርጩማዎች በጥሬ ገንዘብ መግዛት ይመረጣል። በኮሚሽን መሥራት የሚቻለው መተማመን ከተፈጠረ በኋላ ሲሆን፣ ለልዩ ትዕዛዝ ደግሞ ከገዢው ቀብድ ተቀብሎ ለእንጨት መግዣ የሚሆነውን ለባለሙያው ማስተላለፍ ተገቢ ነው። ስምምነቱ ባለሙያው በሚያነበው ቋንቋ፣ በጅማ ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ ይጻፍ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም በእማኞች ፊት ይነበብለት። የሚከፈልበት ቀን፣ ከተሸጠ በኋላ እስከ ስንት ወር ድረስ የታየ ስንጥቅ በማን ላይ እንደሚቆጠር፣ በመንገድ የተሰበረውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይሥፈር። እኔ የምመክረው የመንገዱን ስብራት ሙሉ በሙሉ ሻጩ እንዲሸከም፣ ስንጥቁን ግን እኩል እንዲካፈሉ ነው። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የታወቀው የእሽሙር ሽርክና (ለውጭ ሰው ሳይገለጥ በሸሪኮቹ መካከል ብቻ የሚቆም ማኅበር) የሕግ ሰውነት የሌለው ቀለል ያለ አማራጭ ቢሆንም፣ ለጅምር ተራ የሽያጭ ውል ይበቃል። ሻጩ ግን ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

በቴሌግራምም ሆነ በቲክቶክ ለሚለጠፈው ፎቶ የማለዳ ብርሃን በጣሪያ ጥላ ሥር ጥሩ ነው። በርጩማው ተገልብጦ እግሮቹ ከመቀመጫው የሚገናኙበት ቦታ በቅርብ ይነሣ፤ አስተዋይ ገዢ የሚያየው እርሱን ነው። ቁመቱና የመቀመጫው ስፋት በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ሦስት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይም እንደማይንገዳገድ መጥቀስም አይከፋም። የጠራቢው ስም በፈቃዱ ይውጣ። ገዢው ሻጩን ዘልሎ ወደ ባለሙያው ይሄዳል የሚለው ስጋት የደላላ ስጋት ነው፤ ሁለቱም ዘንድ ዋጋው አንድ እንዲሆን ከተስማሙ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ገዢው በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍል የመልእክቱ ቅጂ ከትዕዛዙ ጋር ይቀመጥ፤ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት ኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ውጤት አለው። ዕቃው በመናኸሪያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲላክ በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት በወረቀት ይሞላ፣ በካርቶን ይታሸግ፣ ከላይ የማዳበሪያ ከረጢት ይልበስ፤ በላስቲክ ብቻ መጠቅለል እርጥበት ስለሚይዝ አይመከርም። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከመናኸሪያው መውጣት አይገባም።

ወደ ውጭ አገር መላክ ሌላ ሒሳብ ነው። የአየር ጭነት ከክብደት ይልቅ በሚይዘው ቦታ ሊሰላ ይችላል፦ ብዙ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች እንደሚያደርጉት የ40 በ40 በ35 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ሦስቱ ልኮች ተባዝተው ለ5,000 ሲካፈሉ ከ11 ኪሎ በላይ ሆኖ ይከፈልበታል፣ ዕቃው ራሱ 4 ኪሎ ቢሆንም። ተቀባዩ አገር ለእንጨት ውጤት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠይቅም ይችላል። ስለዚህ በውጭ የሚኖር ገዢ ሲጠይቅ፣ የመላኪያው ዋጋ ከጭነት ድርጅቱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ቀብድ አይቀበሉ።