ፖሰይዶንን ጥምቀተ ባሕር ዳር እንዴት እንተርከው?

ጎንደር ላይ አስጎብኚ ከሆናችሁ አንድ ቀን እኔን የገጠመኝ ዓይነት እንግዳ ይገጥማችኋል። የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዳር ቆመናል። ገንዳው ባዶ ነው፤ ውሃው ከቀሃ ወንዝ የሚገባው ለጥምቀት ነው። ግሪካዊው ሰውዬ አንገቱ ላይ ሦስት ጣት ያላት ትንሽ የብር ጦር አንጠልጥሏል። ምንድን ናት አልኩት። "የፖሰይዶን ናት፤ የማመልከው እሱን ነው" አለኝ። እኔ ሆዬ፣ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሰውዬው እስከ ሆቴሉ ድረስ አልተናገረም። ጉርሻውም እንደ ዝምታው ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት።

ሰው ሁሉ "የባሕር አምላክ" ብሎ ይጀምራል። እናንተ ከፈረስ ጀምሩ። ግሪኮች ፖሰይዶንን የፈረስ አምላክም ይሉታል፤ ክንፋሙ ፈረስ ፔጋሰስ ልጁ ነው። ከገንዳው አለፍ ብላችሁ እንግዳውን ባለ ጉልላቷ ትንሽ ቤት ጋ አቁሙት። የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል። ውሃና ፈረስ ባንድ ሰፈር! ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

የቤተሰቡን ነገር ባጭሩ እለፉት። ሦስት ወንድማማቾች ዕጣ ጣሉ፤ ሰማይ ለዜውስ፣ የሙታን አገር ለሐዲስ፣ ባሕር ለፖሰይዶን ወጣ። ሲቆጣ በጦሩ ምድርን ያናውጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ373 ሄሊኬ የምትባል ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥና በጎርፍ ስትጠፋ፣ ሰዉ የፖሰይዶን ቁጣ ነው አለ።

እዚህ ላይ ግን ረጋ በሉ፤ የኛ ስም የሚነሳው አሁን ነው። የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ረጅም ግጥም ኦዲሴይ ሲጀምር ፖሰይዶን ቤቱ የለም። የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሄዷል። እሱ ግብዣ ላይ ሳለ ሌሎቹ አማልክት ተሰብስበው፣ እሱ የጠመደው የግጥሙ ጀግና ኦዲሲየስ አገሩ ይግባ ብለው ይወስናሉ። ታዲያ ደረታችሁን አትንፉ። የሆሜር ኢትዮጵያ የዓለም ዳርቻ ናት እንጂ የዛሬው ካርታ አይደለችም። ይህን ሳትናገሩ ካለፋችሁ፣ ያነበበ እንግዳ ይታዘባችኋል።

ደረት የሚያስነፋው የጥንቱ የአክሱም ወደብ አዱሊስ ነው። ስሙ ያልደረሰን አንድ የአክሱም ንጉሥ እዚያ በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ለዜውስ፣ ለጦርነቱ አምላክ ለአሬስ፣ በባሕር ለሚጓዙት ሲል ደግሞ ለፖሰይዶን መሠዋቱን ይናገራል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ሰው ባይገለብጠው ኖሮ አይደርሰንም ነበር። በኢዛና ጽሑፎች በግሪክኛው አሬስ የተባለው አምላክ በግዕዙ ማሕረም ነው። ስለዚህ ያኛውም ንጉሥ የአገሩን አማልክት በግሪክኛ ስም ጠርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራቸው ካሜራቸውን የሚያወርዱ እንግዶች አይቻለሁ።

አሁን ፖሰይዶንን ዛሬም ወደሚያመልኩት እንምጣ። ጥቂት ናቸው፤ ግሪክ በአብዛኛው እንደኛው ኦርቶዶክስ ነው። ግን አሉ። የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የጥንቶቹን አማልክት እምነት "የታወቀ ሃይማኖት" ብሎ ተቀብሎታል። ዕጣን ያጨሳሉ፣ ወይን ወይም ውሃ መሬት ላይ ያፈሳሉ፣ ይጸልያሉ። አብዛኞቹ እንስሳ አያርዱም። እኛ በ12 ሚካኤል እንደምንለው፣ በጥንቱ የአቴና አቆጣጠር ፖሰይዶን በወሩ 8ኛ ቀን ይታሰባል። ወሩ ግን ከጨረቃ መውጣት ነው የሚቆጠረው። አንዱ አማኝ እንደ ሕያው አምላክ ያየዋል፤ ሌላው የባሕሩ ጉልበት ስም ነው ይላችኋል። ስለዚህ አትገምቱ፣ ጠይቁ። "ለአንተ ማን ነው?" ማለት ይበቃል።

አደራ፣ ለማስረዳት ብላችሁ "እንደኛው ቅዱስ እገሌ ማለት ነው" እንዳትሉ። እንግዳውም ይከፋል፣ አጠገባችሁ ያሉት ቄስም ይቆጣሉ።

ገንዳው ዳር ወይን ላፍስ ካለ ደግሞ፣ ታቦት የሚያድርበት ግቢ ነው ብላችሁ በጨዋ ቋንቋ ከልክሉት። ጎርጎራ ውሰዱት። ጣናን ባሕር እንለው የለ? ጨው የለውም ብሎ ካልተከራከረ በቀር ደስ ይለዋል። የመኪናውን ዋጋ ግን ሳትነሱ ተነጋገሩ።